ኒውራል ኔትወርክ የሚያየው እንደ ዓይናችን ነው ወይ? (የስንዴ ዋግ ለሚለይ ሞዴል)

ጎዛምን፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ደብረ ማርቆስ ዙሪያ የስንዴ ዋግን በስልክ ፎቶ የሚለይ ሞዴል እየተዘጋጀ ነው። አራት ምድብ አለው፦ ቢጫ ዋግ፣ የግንድ ዋግ፣ የቅጠል ዋግ እና ጤነኛ። መነሻው ኢሜጅኔት በሚባለው ትልቅ የፎቶ ስብስብ የሰለጠነ፣ ለስልክ የሚሆን ሞባይልኔት የተባለ ሞዴል ሲሆን ፎቶው ወደ 224 በ224 ፒክስል አንሶ ይገባል። ለፈተና በተቀመጡት ፎቶዎች ላይ ውጤቱ ያኮራል። ከአዲስ ቀበሌ የመጣ ፎቶ ሲሰጠው ግን ይወድቃል፤ በተለይ ቢጫ ዋግን የቅጠል ዋግ ይለዋል።

የልማት ሰራተኛ በበኩሉ ጥቂት የታመሙ ቅጠሎች ካየ በኋላ ስናን ቢወስዱት ደጀን፣ ጠዋት ይሁን ቀትር፣ እምብዛም አይስትም። እነዚህ ኒውራል ኔትወርክ የሚባሉ ሞዴሎች የአንጎልን አሠራር ተከትለው ነው የተሠሩት ሲባል እንሰማለን። ታዲያ ይህን ያህል ልዩነት ከየት መጣ? ከዓይንና ከአንጎል በእርግጥ የተወሰደውስ የቱ ነው? መስከረም ላይ ዋጉ ከመድረሱ በፊት ምን ብንቀይር ይሻላል? «ዳታ ጨምሩ» የሚለውን ምክር ጠግበነዋል፤ ከዚያ ያለፈ ካላችሁ ወዲህ በሉ።


ጣና ዳር፦

የተወሰደ ነገር አለ፤ ሰው ከሚያስበው ግን ያነሰ ነው።

ዴቪድ ሁቤልና ቶርስተን ዊዝል በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያለውም ዓመት ሁሉ እንዲሁ) በማደንዘዣ በተኛች ድመት አንጎል ውስጥ ቀጭን ኤሌክትሮድ አስገብተው የእይታ ኮርቴክስ (የአንጎል ላይኛው ሽፋን ለእይታ የሚሠራው ክፍል) ሴሎችን ያዳምጡ ነበር። የብርሃን ነጥብ ሲያሳዩአቸው ሴሎቹ ዝም አሉ። የስላይዱ መስታወት ጠርዝ ጥላውን ጥሎ ሲያልፍ ግን አንዱ ሴል ተንጣጣ። እያንዳንዱ ሴል የራሱ ትንሽ የእይታ ክልል አለው፤ በዚያ ክልል ውስጥ ደግሞ የሚነሳው ለአንድ አቅጣጫ መስመር ነው፦ አንዱ ለቋሚ፣ አንዱ ለአግድም፣ አንዱ ለዘመም ያለ። «ቀላል» የተባሉት ሴሎች መስመሩ በትክክል ቦታው ላይ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ «ውስብስብ» የተባሉት ትንሽ ቢንሸራተትም ግድ የላቸውም። ለዚህ ሥራቸው በ1981 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ጃፓናዊው ኩኒሂኮ ፉኩሺማ በ1980 ኒኦኮግኒትሮንን ሲሠራ እነዚህን ሁለት የሴል ዓይነቶች አፈራርቆ ደረደራቸው። ዛሬ ኮንቮሉሽንና ፑሊንግ የምንላቸው ሌየሮች (የኔትወርኩ ደረጃዎች) የዚያ ልጆች ናቸው። በ1989 ያን ለኩንና ባልደረቦቹ ስህተትን ወደ ኋላ እየመለሱ የማሠልጠኑን ዘዴ ጨምረው በእጅ የተጻፉ የፖስታ ቁጥሮችን አስነበቡት። በ2012 አሌክስኔት የተባለ ኔትወርክ ለኢሜጅኔት ውድድር በ1.2 ሚሊዮን ፎቶና በ1,000 ምድብ ላይ ሠልጥኖ፣ በአምስት ግምት ውስጥ የመሳሳት መጠኑን ወደ 15.3% አወረደው፤ ተከታዩ ተወዳዳሪ 26.2% ላይ ነበር። የሚገርመው፣ መስመር ፈልግ ብሎ ያዘዘው ሳይኖር የመጀመሪያው ሌየሩ 96 ፊልተሮች (ምልክት ፈላጊዎች) አብዛኞቹ ዘመም ያሉ መስመሮችና የቀለም ነጠብጣቦች ሆነው ተገኙ። ድመቷ ውስጥ የታየው ዓይነት ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለው መመሳሰል ወሬ ብቻ አይደለም። በ2014 ደግሞ ዕቃ በመለየት የተሻሉ ኔትወርኮች የዝንጀሮን የላይኛው የእይታ ክፍል ሴሎች ምላሽም የተሻለ እንደሚተነብዩ ታየ። ይህ ግን እስከ አንድ ደረጃ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የኢሜጅኔት ውጤት መጨመር መመሳሰሉን እኩል እየጨመረው አልሄደም።

አሁን ወደ ልዩነቱ።

ዓይን ካሜራ አይደለም። ሬቲና ላይ 120 ሚሊዮን ገደማ የደብዛዛ ብርሃን ተቀባይና 6 ሚሊዮን ገደማ የቀለም ተቀባይ ሴሎች አሉ፤ ወደ አንጎል የሚሄደው የዓይን ነርቭ ግን 1 ሚሊዮን ክር ገደማ ብቻ ነው። ጥርት አድርገን የምናየው መሃል ላይ ባለች 2 ዲግሪ ገደማ ክልል ነው። ቅጠሉን ከዓይን 30 ሴንቲ ሜትር ብናርቀው ያቺ ክልል 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ትሸፍናለች፤ ያው የስንዴ ቅጠል ወርድ። የቀረው ደብዛዛ ነው፤ ዓይን በሰከንድ 3 ጊዜ ያህል እየዘለለ ይሞላዋል። ጤነኛ ዓይን አንድ የዲግሪ ስልሳኛን ይለያል፤ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይህ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያነሰ ነው። የልማት ሰራተኛው ቅጠሉን ቀንጥሶ፣ አስጠግቶ፣ ገልብጦ፣ ግንዱን ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ ብናኙን በጣቱ አሽቶ ነው የሚፈርደው። የናንተ ሞዴል አንድ ጊዜ፣ ከሩቅ፣ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ያያል።

ሁለተኛው የመልስ ጉዞ ነው። ከዓይን ወደ ኮርቴክስ በሚወስደው መሸጋገሪያ ጣቢያ (ታላመስ ውስጥ) ካሉት የነርቭ መገናኛዎች ከሬቲና የሚመጡት 10% ገደማ ናቸው፤ አብዛኛው ከራሱ ከኮርቴክስ እየተመለሰ የሚመጣና ከሌሎች የአንጎል ክፍሎች የሚገባ ነው። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል እንደሚባለው፣ እዚህ ግን ፍርዱ ተመልሶ እይታውን ያርመዋል። ቀላል ምስል በ100 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ላይኛው ክፍል ይደርሳል። የተሸፈነ ወይም የተዝረከረከ ምስል ግን ተጨማሪ አሥር ሃያ ሠላሳ ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል፤ በ2019 በዝንጀሮ ላይ የተሠራ ጥናት ይህን ዘግየት ያለ ምላሽ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄዱ ኔትወርኮች በደንብ እንደማይተነብዩት አሳይቷል። ሞባይልኔት አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሚሄዱት ነው። ተጠራጥሮ ዳግም ማየት የሚባል ነገር የለውም።

ሦስተኛውና ለናንተ የሚያሳስበው የሥልጠናው ነገር ነው። ኔትወርኩ የሚሰጠው የማይንቀሳቀስ ፎቶና አንድ ስም ነው። ስሙን ለመገመት የሚረዳውን በጣም ቀላሉን ምልክት ይይዛል፤ ምልክቱ ከበሽታው ይምጣ ከአፈሩ ደንታ የለውም።


ዳሞት፦

ከጣና ዳር የመጨረሻ መስመር ልቀጥል፤ ችግሩ እዚያ ነው ያለው ብዬ እገምታለሁ።

ፎቶዎቹ ከየት ከየት ናቸው? ቢጫ ዋግ ቀዝቃዛ ደጋ ይወዳል፣ የግንድ ዋግ ሞቅ ያለውን። ቢጫው በብዛት ከጮቄ ተራራ ሥር ከተነሳ፣ የግንዱ ደግሞ ወረድ ካለው፣ ሞዴሉ ፊት ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ብጉር (ዋጉ ቅጠሉ ላይ የሚያወጣውን ብናኝ የያዘ ነጥብ) መቁጠር ወይም አፈር ማየት። ቀይ አፈርና ደመና ከሆነ ቢጫ ዋግ፣ ዋልካና ፀሐይ ከሆነ የግንድ ዋግ። ፈተናችሁም ከነዚያው ማሳዎች የተወሰደ ስለሆነ በአፈር ብቻ ጥሩ ውጤት ያመጣል። በ2018 የታተመ ሥራ ይህንኑ በላሞች አሳይቷል፤ ግጦሽ ላይ የቆመችን ላም የሚያውቅ ሥርዓት ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ስትቆም ያጣታል።

ግምቱን ለማረጋገጥ ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው።

አንደኛ፣ ሃምሳ ስልሳ የፈተና ፎቶ ወስዳችሁ ቅጠሉን በሙሉ በግራጫ ቀለም ሸፍኑት፤ አፈሩ፣ እጁ፣ ሰማዩ ይቅር። አራት እኩል ምድብ ስላለ በጭፍን ግምት 25% ይመጣል። ቅጠል የሌለበት ፎቶ 50 ወይም 60% ካመጣ ሞዴላችሁ የአፈር ባለሙያ ሆኗል። በተቃራኒው ቅጠሉን ትታችሁ ዳራውን ሸፍኑና ውጤቱ ምን ያህል እንደሚወርድ እዩ።

ሁለተኛ፣ 32 በ32 ፒክስል የሆነ ግራጫ ካሬ በ224ቱ ምስል ላይ በ16 ፒክስል እርምጃ አንሸራትቱ። 13 በ13፣ ማለትም 169 ጊዜ ይሮጣል። በእያንዳንዱ ቦታ የትክክለኛው ምድብ ዕድል ስንት እንደወረደ መዝግባችሁ በቀለም ካርታ ሳሉት። ካሬው ብጉሩን ሲሸፍን ሳይሆን ጥግ ላይ ያለውን አፈር ሲሸፍን ዕድሉ ከወረደ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሦስተኛው የማከፋፈል ጉዳይ ነው፣ ከሁሉም በላይ የሚጎዳችሁም እሱ ነው። ፎቶዎቹን በዘፈቀደ ቀላቅሎ 80 ለ20 መክፈል ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከአንድ ተክል አምስት ፎቶ ከተነሳ ሦስቱ ሥልጠና ውስጥ፣ ሁለቱ ፈተና ውስጥ ይገባሉ፤ ፈተናው ሽምደዳን ይለካል። ክፍፍሉ በማሳ ይሁን። ከአንድ ማሳ የመጣ ፎቶ ሁሉ ወይ እዚህ ወይ እዚያ። ቢቻል አንድ ወረዳ ሙሉ በሙሉ ለፈተና ይቀመጥ፣ አንድ የስልክ ዓይነትም እንዲሁ። ቁጥሩ መውረዱ አይቀርም፣ ግን መስከረም ላይ የሚጠብቃችሁ ቁጥር እሱ ነው።

በነገራችን ላይ ፎቶዎቹ በቴሌግራም ነው የተሰበሰቡት? እንደ ፎቶ ሲላክ ያሳንሰዋል፣ ይጨምቀዋልም። የአንዱ ወረዳ በቴሌግራም፣ የሌላው በሚሞሪ ካርድ ከመጣ የመጨመቁ አሻራ ራሱ ለሞዴሉ ምልክት ይሆናል፤ እናንተ አታዩትም፣ እሱ ያየዋል። ሁሉም እንደ ፋይል ይላክ።

አሁን ወደ 224። ባለ 12 ሜጋ ፒክስል ስልክ 4000 በ3000 ያነሳል። አጭሩ ጎን 30 ሴንቲ ሜትር ማሳ ከሸፈነ በሚሊ ሜትር 10 ፒክስል ደረሰ ማለት ነው። የቢጫ ዋግ ብጉር ወርዱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ብንል 5 ፒክስል ይይዛል፤ ይበቃል። ወደ 224 ስታሳንሱት ግን በሚሊ ሜትር 0.75 ፒክስል ይቀራል። ብጉሩ ከግማሽ ፒክስል በታች ሆነ፤ ጠፋ። ቢጫ ዋግን ከቅጠል ዋግ የሚለየው ዋናው ነገር ብጉሩ በቅጠሉ ሥር አቅጣጫ በመስመር መደርደሩ ነው፤ የቅጠል ዋግ የተበታተነ ክብ ነው። መስመሩ ሲጠፋ የሚቀረው «ቢጫ ወይም ብርቱካናማ የሆነ ቅጠል» ብቻ ነው። ሁለቱን የሚያምታታው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ስልኩን ማስጠጋትና መቁረጥ ነው። አጭሩ ጎን 10 ሴንቲ ሜትር እንዲሸፍን አስጠጉት (አብዛኛው ስልክ በዚያ ርቀት ያተኩራል፤ ካላተኮረ ትንሽ ራቅ)። በሚሊ ሜትር 30 ፒክስል ይሆናል። በግማሽ ብቻ አሳንሱት፣ 2000 በ1500። ከዚያ ሳታሳንሱ 224 በ224 እየቆረጣችሁ አስገቡ፤ 8 በ6፣ 48 ቁራጭ ይወጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ቅጠል ይዟል። ጣና ዳር ከጠቀሳት ባለ 1 ሴንቲ ሜትር የዓይን መሃል ብዙም አይርቅም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አለ። የታመመ ቅጠል 48 ቁራጭ ሁሉ የታመመ አይደለም። ሁሉንም «ቢጫ ዋግ» ብላችሁ ካሠለጠናችሁ ንጹሕ አረንጓዴና አፈርም ቢጫ ዋግ ይባላል፤ ዞራችሁ ወደ መጀመሪያው ችግር። ወይ ቁራጮቹን ለየብቻ ስም ስጡ፣ ወይ በሥልጠና ጊዜ ከ48ቱ ከፍተኛ ነጥብ ያገኙትን የ5ቱን ብቻ አማካይ ወስዳችሁ ስህተቱን በእነሱ በኩል መልሱ። በሥራ ጊዜም ያው፤ የ48ቱን አማካይ ብትወስዱ ሦስት ቁራጭ ላይ ያለ ጅምር በሽታ በ45 ጤነኛ ተውጦ ይቀራል።


ብቸና፦

ጥሩ ማብራሪያ። አንድ ነገር ልጨምር። በ2019 የቀረበ የታወቀ ጥናት አለ፤ የድመት ቅርጽ ላይ የዝሆን ቆዳ ለብጠው ለሰውና ለኔትወርክ አሳዩ። ሰው ከ100 ወደ 95 ጊዜ ቅርጹን ተከትሎ ድመት ይላል። ሬስኔት-50 የተባለው ኔትወርክ ቅርጹን የተከተለው 22% ብቻ ነው፤ ቀሪውን ቆዳውን አይቶ ዝሆን አለ። ፎቶዎቹን በሥዕል ስታይል እየቀያየሩ ሲያሠለጥኑት ግን ቅርጽ የመከተሉ ነገር ወደ 81% ወጣ። ጎዛምንም ፎቶዎቹን እንዲህ ስታይል ቢቀይር ሞዴሉ ወደ ሰው እይታ አይጠጋም?


ዳሞት፦

ብቸና፣ ጥናቱ ልክ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አልመክረውም። ዋግ እኮ ራሱ የቅጠሉ ገጽ ላይ ያለ ነገር ነው። የስንዴ ቅጠል ቅርጽ ቢታመምም ባይታመምም ያው ነው፤ በሽታው ያለው ብጉሩና አደራደሩ ላይ ነው። ስታይል መቀየር የሚያጠፋው በትክክል እሱን ነው። ድመትን ከዝሆን ለመለየት ቆዳ ማየት ጉድለት ነው፤ ዋግን ለመለየት ሌላ መንገድ የለም። የጎዛምን ሞዴል ችግሩ ገጹን ማየቱ አይደለም፤ የቅጠሉን ትቶ የአፈሩን ማየቱ ነው።

ከዚያው ቡድን ሥራ የሚጠቅማችሁ ሌላኛው ነው። በ2018 ኔትወርኮችን በአንድ ዓይነት የምስል ብልሽት ሲያሠለጥኗቸው በዚያ ብልሽት ከሰው በለጡ፤ ዓይነቱ ሲቀየር ግን፣ ለሰው ዓይን ተመሳሳይ ቢመስልም፣ ወደቁ። ስለዚህ ማደብዘዝ ብቻ ጨምራችሁ «ለመጥፎ ፎቶ ተዘጋጅተናል» እንዳትሉ። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ከትኩረት መውጣት፣ የጄፔግ መጨመቅ፣ የጨለማ ጊዜ ነጠብጣብ ሁሉም በየራሳቸው ይግቡ።


የእንስሳት ሐኪም (ቡሬ)፦

ወሬው የሰው ዓይን ላይ ብቻ ስለሆነ ጣልቃ ልግባ። ሽምደዳ የማሽን ብቻ ችግር አይደለም።

በ2015 ርግቦችን የጡት ካንሰር ምስል እንዲለዩ አሠልጥነዋቸው ነበር። በማይክሮስኮፕ የተነሳውን የቲሹ ምስል በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ 85% ያህል ትክክል ለዩ፤ አይተውት በማያውቁት ምስልም ሠሩ። የማሞግራም (የጡት ራጅ) እብጠት ሲሰጣቸው ግን የተማሩባቸውን ምስሎች ሸመደዱ፣ አዲስ ሲመጣ ጠፋባቸው። አንድ ዓይን፣ አንድ አንጎል፣ ሁለት ሥራ። ልዩነቱ ምልክቱ ምስሉ ላይ በግልጽ መኖር አለመኖሩ ነው። የዳሞት የፒክስል ሒሳብም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው፦ ብጉሩ ከሌለ ሽምደዳ እንጂ የሚማረው ነገር የለም።

ስለ ቀለም ደግሞ፦ የስልክ ካሜራ ሦስት የቀለም ማጣሪያ ያለው የሰው ዓይን ሦስት ዓይነት የቀለም ሴል ስላለው ነው። ላምና በሬ ሁለት ዓይነት ብቻ አላቸው፣ ቀይና አረንጓዴ ይቀላቀልባቸዋል፤ በምትኩ ራሳቸውን ሳያዞሩ 330 ዲግሪ ያህል ዙሪያቸውን ያያሉ። ዶሮ አራት ዓይነት አላት። ንብ ሦስት ነው ያላት፣ ግን አልትራቫዮሌት፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ነው፤ ቀይ ለሷ ጥቁር ቢጤ ነው። የእይታዋ ጥራት 1 ዲግሪና ከዚያ የከፋ ስለሆነ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰውን አትለይም። በዚህ ሁሉ ላይ 1 ሚሊዮን በማይሞላ የነርቭ ሴል የሰው ፊት ፎቶ መለየት ተምራለች (2005)። ሚስጥሩ ብዙው በመጠጋትና በመንቀሳቀስ ላይ ነው። በአንድ ቆሞ ቀር ፎቶ ላይ የሙጥኝ ያለ እንስሳ የለም።

ለጎዛምን አንድ ተግባራዊ ነገር፦ ለፎቶዎቹ ስም የሚሰጡት ሰዎች የቀለም እይታቸው ተፈትሿል? ቀይና አረንጓዴ አለመለየት በዘር የሚመጣ ነው፣ ወንዶች ላይ ይበዛል፣ ብዙዎቹም አያውቁትም። የኢሺሃራ ሰሌዳ ዓይን ክሊኒክ ሁሉ አለ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።


ጎዛምን፦

ሁላችሁም ተባረኩ። ፎቶዎቹ አዎ፣ በቴሌግራም ነው የመጡት፣ ክፍፍሉም በዘፈቀደ ነው። የቅጠል ሽፈናውን ፈተና ዛሬውኑ እናስኬደዋለን።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ጠዋት የተነሳና ቀትር የተነሳ ያው ቅጠል በፎቶ ላይ ቀለሙ ይለያያል፤ ለዚህ ብለን የቀለም መቀያየር በሥልጠናው ላይ ከፍ አድርገን ነበር፣ የባሰ ይመስላል። ሌላው፣ አንዱ አርሶ አደር የፍየል ፎቶ ሰጥቶት «98% የግንድ ዋግ» አለ። ሰው ቢሆን ይስቃል እንጂ እንዲህ አይልም። ምን ይደረጋል?


ጣና ዳር፦

የፍየሉ ነገር አስቆኛል፣ ግን የሚጠበቅ ነው። የመጨረሻው ሌየር አራቱን ዕድሎች አንድ ላይ 100% እንዲሆኑ ያስገድዳቸዋል። «አላውቅም» የሚባል አማራጭ አልተሰጠውም፤ ፍየልም ብትሆን ከአራቱ አንዱ መሆን አለባት። በ2015 ተመራማሪዎች ለሰው ምንም የማይመስሉ የነጠብጣብ ምስሎችን እየፈበረኩ ኔትወርኮች ከ99% በላይ እርግጠኛ ሆነው የዕቃ ስም እንዲሰጧቸው አድርገዋል።

ቀለሙን በተመለከተ፣ የኛ አንጎል ብርሃኑን ከዕቃው ቀለም ይለያል፦ በዙሪያው ያለውን ሁሉ አወዳድሮ የብርሃኑን ቅላት ወይም ሰማያዊነት ይቀንሳል። ነጭ ነጠላ ምሽት ላይ በኩራዝ ብርሃንም ነጭ ሆና ነው የምትታየን። ስልክም ነጭ ሚዛን በሚባለው ይህንኑ ይሞክራል፣ ግን ፎቶው ሙሉ በሙሉ ቅጠል ከሆነ የሚያወዳድርበት ነገር ስለሌለው አረንጓዴውን ራሱን እንደ ብርሃን ቆጥሮ ወደ ቀይ ይገፋዋል። ቢጫው ወደ ብርቱካናማ ሲሄድ ቢጫ ዋግ የቅጠል ዋግ መሰለ ማለት ነው። የቀረውን ዳሞት ይጨርሰው።


ዳሞት፦

እሺ። ቀለሙን ከመነሻው ያዙት። ከቅጠሉ ጎን ነጭ ወረቀት ቁራጭ ይቀመጥ፤ አንጸባራቂ አይሁን፣ ተራ የደብተር ወረቀት ይሁን፣ መስመር የሌለበት። ከፎቶው በኋላ ወረቀቱ ላይ ያለውን አማካይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ዋጋ ወስዳችሁ ሦስቱ እኩል እስኪሆኑ እያንዳንዱን ቀለም በየራሱ ቁጥር አባዙ። ወረቀቱ በጣም ነጥቶ 255 ላይ የተዘጋ ከሆነ ሒሳቡ ይበላሻል፤ ያን ጊዜ የካሜራውን ብርሃን ዝቅ አድርጎ ዳግም ማንሳት ነው። ወረቀቱና ቅጠሉ አንድ ብርሃን ውስጥ ይሁኑ፤ አንዱ ፀሐይ ሌላው ጥላ ከሆነ አይረዳም። ጥላ ውስጥ ሁለቱንም ማድረግ ይሻላል፣ በራስ ጥላም ቢሆን። ወረቀቱ ሁሉም ምድብ ላይ ይኑር፣ ጤነኛው ላይም፤ የታመመው ላይ ብቻ ከታየ ሞዴሉ ወረቀት መፈለግ ይማራል።

የቀለም መቀያየሩ ለምን እንዳባሰው ቁጥሩን እዩት። ፓይቶርች (ሞዴል ማሠልጠኛው ሶፍትዌር) ላይ ህዩ (የቀለም ዓይነት መቀያየሪያው) 0.1 ማለት በቀለም ክቡ ላይ ወደ ሁለቱም ጎን 36 ዲግሪ ነው። ቢጫ ዋግና የቅጠል ዋግ በቀለም የሚራራቁት ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ቢጫውን በገዛ እጃችሁ ብርቱካናማ እያደረጋችሁ «ይህም ቢጫ ዋግ ነው» እያላችሁ ነበር ያሠለጠናችሁት። ህዩን 0.02 አድርጉት (7 ዲግሪ ገደማ)፤ ብርሃንና ንፅፅር 0.3 ቢሆን ችግር የለም። ማዞርና መገልበጥ ይፈቀዳል፤ የብጉሩ መስመርና የቅጠሉ ሥር አብረው ስለሚዞሩ የሚጠፋ ነገር የለም።

ለፍየሉ አምስተኛ ምድብ ክፈቱ፣ «ሌላ» በሉት። ውስጡ ፍየል ብቻ አይሁን፤ እምብዛም አታገኟትም። የሚያስቸግሩት ቀረብ ያሉት ናቸው፦ ናይትሮጅን ያነሰው ቢጫ ቅጠል፣ ጭቃ የተረጨበት፣ የደረቀ ጫፍ፣ ገብስ፣ ጤፍ፣ አረም፣ የሰው እጅ፣ ባዶ አፈር ከሁሉም ወረዳ። ከዚያ ለእርግጠኝነቱ ደፍ (ከሱ ካነሰ መልሱ የማይታመንበት ልክ) አስቀምጡ። ደፉን በሥልጠና ፎቶ አትቁረጡ፤ አይቶት ከማያውቀው ማሳ በተያዙ የማረጋገጫ ፎቶዎች ላይ «90% ሲል ስንት ጊዜ ልክ ነው?» ብላችሁ ቁጠሩ። 90 እያለ 70 ጊዜ ብቻ ልክ ከሆነ ከመጨረሻው ሌየር የሚወጡትን ቁጥሮች ለአንድ ቋሚ ቁጥር አካፍሉ (1.5፣ 2፣ እየሞከራችሁ)፣ አባባሉና እውነቱ እስኪቀራረቡ። ምድቡን አይቀይረውም፣ እብሪቱን ያበርድለታል እንጂ።

ከደፉ በታች ሲሆን መተግበሪያው ዝም አይበል፤ ሌላ ፎቶ ይጠይቅ። የቅጠሉን ጀርባ፣ ቀጥሎ ግንዱን። የግንድ ዋግ ብጉር በቅጠሉ ሁለቱም ገጽና በግንዱ ላይ ይወጣል፣ ጡብማ ቀይ ቡናማ ነው፣ ቆዳውን ቀዳዶ ጫፉን የተንጨባረረ ያደርገዋል፤ የቅጠል ዋግ በብዛት ላይኛው ገጽ ላይ ነው። ሦስት አራት ፎቶ ከሆነ የእያንዳንዱን ዕድል ሎጋሪዝም ደምራችሁ ከፍተኛውን ውሰዱ።

ስም አሰጣጡ ላይ አንድ ነገር፦ ገና ቡቃያ ላይ ያለ ስንዴ ቢጫ ዋግ ሲይዘው ብጉሩ በመስመር አይደረደርም፣ ተበታትኖ ነው የሚወጣው። ስም ሰጪው መስመር አላየሁም ብሎ የቅጠል ዋግ ካለው ሞዴሉ ያንን ስህተት ነው የሚማረው። የቡቃያ ፎቶዎችን ለይታችሁ ብናኙን በጣት አሽቶ ቀለሙን ያየ ሰው ይሰይማቸው፤ ፎቶው ሲነሳ እዚያው ማሳ ላይ፣ በኋላ ቢሮ ስክሪን ላይ አይደለም።